«ጉንፋን ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

ጋሼ፣ ብርድ ነው። እንጦጦ ላይ መቼም ብርድ ነው። አንተ ግን «ለቀለም ጥሩ አየር ነው፣ ቶሎ አይደርቅም» ትል ነበር። ዛሬ ሰው በዝቶልሃል። ከሦስት ሰው በላይ ቤታችን ሲመጣ ወደ ኩሽና ትገባ አልነበር? ውሃ የጣድክ መስለህ እዚያ ትቆም አልነበር? ዛሬ መግቢያ የለህም። ስለ አንተ ሊነገር ነው፣ የምናገረውም እኔ ነኝ። ቻለው።

የኪዳነ ምሕረት አገልጋይ አባቶቼ፣ የአያት ሰፈር ዕድራችን እናቶችና አባቶች፣ እዚሁ ዳገቱ ላይ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ የሥዕል ባልደረቦቹ፣ ደግሞም ደብዳቤያችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ አንባቢዎቹ፤ ይህን ሁሉ አቀበት ስለ እሱ ብላችሁ ወጥታችኋል። ስትመለሱ እንቅፋት አይምታችሁ።

ገመቺስ እባላለሁ። የኢታና የመጨረሻ ወንድሙ ነኝ። እሱ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሰባት ነኝ። በመካከላችን እህታችን አያንቱ አለች። እናታችን ስታርፍ አራት ዓመቴ ነበር፤ አባታችን ከዚያ በፊት ሄዷል። ያሳደገኝ ይሄ እዚህ የተኛው ሰው ነው።

የሕይወት ታሪኩን ጋሽ ሚልኬሳ አንብበውላችኋል። የት እንደተወለደ፣ መቼ ሥዕል እንደጀመረ፣ ስንት መጽሐፍ እንዳሳተመ ሰምታችኋል። እኔ የቀረውን ልናገር ነው የቆምኩት። የቀረው ደብዳቤው ነው።

ኩምሳን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ኩምሳ ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሣለው የታክሲ ረዳት ነው። የታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ ታፔላው ላይ የሌለ ቦታ ይጠራል። «ወደ ትናንት፣ ወደ ትናንት! ሁለት ሰው፣ የሞላ!» ይላል። «ይቅርታ ወደ መጠየቅ! በአቋራጭ!» ይላል። ሰውም ይሳፈራል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው ቤት ውስጥ ምን ያህል ያወራል ብላችሁ ትገምታላችሁ? አያወራም። ወንድሜ ቤት ውስጥ የሚያወራው አንድ ቃል ነበር። «በላህ?»

ወሬው ሁሉ የሚሄደው ወደ ደብዳቤ ነበር።

በየመጽሐፉ ጀርባ አንድ ማስታወቂያ ነበረች። አስተያየት ያለው ሰው መገናኛ እትዬ ወርቄ ጋዜጣ መሸጫ ጋ ደብዳቤውን እንዲተው፣ መልሱንም በሳምንቱ ከዚያው እንዲወስድ ትናገራለች። እትዬ ወርቄ ዛሬ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል፤ ያውና። ቴሌግራም እያለ ለምን በደብዳቤ ትደክማለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። «በስልክ ሰው ቶሎ ይሳደባል። ደብዳቤ ግን ጽፎ እስኪጨርስ ይበርድለታል» አለኝ።

ለሁሉም ይመልስ ነበር። ለሁሉም በእርስዎ ነበር።

ሳምራ የታለች? አዎ፣ እዚያ ጋ። ሳምራ የሲ.ኤም.ሲ ልጅ ናት፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። «ኩምሳ ለምን ጫማ አይቀይርም?» ብላ በእርሳስ ጻፈችለት። ወንድሜ አንድ ገጽ ተኩል መለሰላት። «ክብርት ወይዘሪት ሳምራ፣ ልክ ነዎት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አላስተዋልኩም ነበር» ብሎ። በሳምንቱ አባቷ እትዬ ወርቄ ጋ መጡ። ተቆጥተዋል።

«ኢታና የሚባለው ማነው?»

«ምን አደረገዎት?»

«ልጄን እርስዎ አላት! የስምንት ዓመት ልጅ! ትናንት ሳህን አንሺ ብላት ‘በአክብሮት ይጠይቁኝ’ አለችኝ።»

«ታዲያ አነሳችልዎት?» አሉ እትዬ ወርቄ።

አባትየው ወደ መጽሐፎቹ ዞሩ። «በአክብሮት ስጠይቃት አነሳች» አሉና ሁለት መጽሐፍ ገዝተው ሄዱ።

ለምን ልጆቹን አንተ፣ አንቺ አትላቸውም ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ሳይል መለሰልኝ። «ወረቀት ላይ ፊት አይታይም። ፊቱን ያላየኸውን ሰው አንተ አይባልም። ሽማግሌ ቢሆንስ? አዝኖ ቢሆንስ?»

ከባልደረቦቹ ጋርም እንዲሁ ነበር። ጋሽ ሚልኬሳ ይመስክሩ። ሁለቱ ሳምንት ሳይጻጻፉ አያልፉም ነበር። ሲጻጻፉ ደግሞ ይናደፋሉ። አንድ ጊዜ ጋሽ ሚልኬሳ አዲሱን መጽሐፍ አንብበው አንድ መስመር ላኩለት። «አቶ ኢታና፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ ኩምሳ ስድስት ጣት አለው። እድሜ ነው ወይስ ችኮላ?» ይላል። ወንድሜ ገጽ አሥራ አራትን ገለጠ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ስድስት ነው። መጽሐፉ ታትሟል፣ ተሽጧል። ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «አቶ ሚልኬሳ፣ ስድስተኛው የኩምሳ አይደለም፤ ኪሱ የገባ የሌባ ጣት ነው። እርስዎ ብቻ ነዎት ያዩት፤ እባክዎ ሌባው እንዳይሰማ።» በሚቀጥለው መጽሐፍ ሌባው ከነቤተሰቡ መጣ። ሦስት ዓመት አብሮን ኖረ። ከኩምሳ ቀጥሎ ሰው የወደደው እሱን ነው።

ወንድሜ የሳተውን አይፍቅም ነበር። ለሳተው ነገር ሥራ ይፈልግለት ነበር።

እንግዲህ ወደ እኔ ልመለስ። የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አያንቱ፣ አንቺ በተለይ ስሚኝ።

ቀንቼ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ለማያውቀው ሰው ሁለት ገጽ፣ ለእኔ «በላህ?»። ሳምራ ክብርት፣ እኔ «በላህ?»። ያለፈው መስከረም አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ተቀምጬ ደብዳቤ ጻፍኩለት። በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፣ እንዳያውቀኝ። «ሂርጳ እባላለሁ፣ የኩምሳ አንባቢ ነኝ» አልኩ። ስለ ኩምሳ አንድ ሁለት ነገር ጠየቅኩና መጨረሻ ላይ «ወንድም አለዎት?» ብዬ ጨመርኩ። እትዬ ወርቄ ጋ አስቀመጥኩ። እሳቸውም ደብዳቤውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት።

በሳምንቱ መልሱ መጣ። ሁለት ገጽ ነው።

«አቶ ሂርጳ፣ ወንድም አለኝ» ይላል። «አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ አያውቅም። የምሥለውን መጀመሪያ የማሳየው ለእሱ ነው፤ ካልሳቀ እቀደዋለሁ። ብዙ ልነግረው የምፈልገው ነገር አለ። አፌን ስከፍት ግን የሚወጣው ‘በላህ?’ የሚል ነው። ይህን እንዴት እንደሚያስተካክሉት ካወቁ ይጻፉልኝ።»

ያን ቀን ማታ ራት ስናቀርብ «በላህ?» አለኝ። ሣህኑ ገና ፊቴ ነበር። «ልበላ ነው» አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን ስሰማው ሌላ ቃል ሆነብኝ።

ሂርጳና ወንድሜ ስድስት ወር ተጻጻፉ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ በመካከላቸው ሆኖ። ደብዳቤው ከአያት በባቡር መገናኛ ይሄዳል፣ መልሱም በባቡር ይመለሳል። አራተኛው መልስ ላይ ስለ ፈተና ይጽፍልኝ ነበር። «ፈተናዎ እንደቀረበ ነግረውኛል። እንደ ትናንቱ መብራት ሲጠፋ በሻማ አያጥኑ፣ ዓይንህን ይጎዳል» ይላል።

ዓይንህን።

አንድ «ህ» ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ለማንም አንባቢ አንተ ያላለ ሰው! ለካ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። እኔ በግራ እጄ ስደክም፣ ወረቀቱ ከሒሳብ ደብተሬ የተቀደደ ነው፤ ደብተሩን የገዛልኝ እሱ። አልፋቃትም፣ አልሰረዛትም፤ እንዳለች ተዋት። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ሁለታችንም እንደምናውቅ አወቅን፣ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ በኋላ ተመልሶ እርስዎ አለኝ፣ እኔም እርስዎ አልኩት። ለምን? እንደዚያ ስለሚቀል ይመስለኛል።

ጥር ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ አጭር ነበር።

«አቶ ሂርጳ፣ ለቤተሰቤ ያልነገርኩትን ልነግርዎት ነው። ጉበቴ ታሟል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አልሰጠኝም። እህቴ ነርስ ናት፤ ካወቀች ሥራዋን ጥላ መጥታ አልጋዬ ሥር ትቀመጣለች። ወንድሜ የሚቀጥለው ዓመት የመልቀቂያ ፈተና አለበት። እባክዎ ለእህቴም ለወንድሜም እንዳይነግሩብኝ።»

«ወንድሜ እንዳያውቅ» ብሎ ለወንድሙ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑስ? ሮጬ በሩን ከፍቼ ጋሼ ልለው እችል ነበር። ግን እሱ የነገረው ለሂርጳ ነው፤ ለእኔ አይደለም። አፉን አውጥቶ ሊለው የማይችለውን ያወጣበትን አንዲት ቀዳዳ እንዴት ልድፈናት?

እንደ ሂርጳ ጻፍኩለት። «ለእህትዎ ይንገሯት» አልኩ። «ከፋሲካ በኋላ» አለኝ። እንደገና ጻፍኩ፤ ከፋሲካ በኋላ። ሦስተኛ ጻፍኩ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ጾሙ ይለቅ፣ እሷም ፈቃድ ታገኛለች። ይኸው ገና መጋቢት ነው። ፋሲካ አልደረሰም።

አያንቱ፣ አንቺ በየእሁዱ ከአጋሮ ትደውይ ነበር። «ኢታና ድምፁ ምነው ቀነሰ?» አልሽኝ። «ጉንፋን ነው» አልኩሽ። በሚቀጥለውም እሁድ «ጉንፋኑ አልለቀቀውም?» አልሽኝ። «የያዘው አዲስ ጉንፋን ነው» አልኩሽ፣ ሳቅሽ። ትናንት ቤት ስትገቢ ደረትሽን እየመታሽ «ማንም አላወቀም? ማንም?» ብለሽ ጠየቅሽ። ሰው ሁሉ «ማን ያውቃል ልጄ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለሽ። እኔ ግን ጥግ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ።

አውቅ ነበር። ከጥር ጀምሮ አውቅ ነበር። አልጋው ሥር ያለውን የመድኃኒት ብልቃጥ አውቅ ነበር። ሱሪው ስለሰፋው በገመድ ሲያስር አውቅ ነበር። እሁድ ሲወድቅና ሆስፒታል ስናስገባው፣ ሰኞ ጠዋት ብደውልልሽ ኖሮ ማታ ትደርሺ ነበር። ይህንንም አውቅ ነበር። «እስከ ነገ ቆይ፣ አታስደንግጣት» አለኝ። ቆየሁ። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል አረፈ። ስለዚህ «ማንም አላወቀም?» ላልሽው መልሱ እኔ ነኝ። እሱ ስላዘዘኝ ነው ብዬ ማምለጥ አልፈልግም። አፍ ነበረኝ። ልትቀየሚኝ ትችያለሽ። ዛሬ ካልሆነም ነገ፤ እኔ የትም አልሄድም።

ሰኞ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዓይኑን ከፈተና «ሂርጳ እንዴት ነው?» አለኝ። አፉን አውጥቶ ስሙን ሲጠራው የመጀመሪያው ነው።

«ደህና ነው» አልኩት።

«የመጨረሻ ደብዳቤውን አልመለስኩለትም።»

«አይቀየምዎትም» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነርሷ ዞራ እስክታየን ድረስ ሳቅን። ከዚያ «በላህ?» አለኝ። አልበላሁም ነበር። «በላሁ» አልኩት። ይህንንም ዋሸሁት።

ጋሼ፣ እንግዲህ መሰነባበት አይቀርም። ሂርጳ የሚባለው አንባቢዎ ቆሞ ይሰናበትዎታል። ስለ ሁለት ገጾችዎ ያመሰግንዎታል፤ ያመኑትን ምስጢር እስከቻለ ጠብቆታል፤ ዛሬ ከዚህ በላይ አልቻለም፣ ይቅር ይበሉት። እሱ እርስዎ ይልዎታል። እኔ ግን ፊትህን አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንተ ልልህ ነው። ሂድ፣ ጋሼ። እናታችን አጠገብ ነው ያስተኛንህ፤ በቀኝህ በኩል ዳስሳት። ቤቱን አታስብ። እኛን አታስብ። በርታ አልልህም፣ በርትተሃል። በሰላም ተኛ።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝና ልቀመጥ። ከትናንት ጀምሮ ሹክሹክታ ደርሶኛል። «መርዶ በስልክ! ያውም ልጅ! ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?» ተብሏል። ያላችሁት ልክ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኔም አውቃለሁ። ሰው ቤቱ ድረስ ተሄዶ፣ በማለዳ፣ ጎረቤት ከቦት ነው የሚረዳው። ስለዚህ ትናንት ጠዋት፣ ያለ እሱ በነጋልኝ በመጀመሪያው ጠዋት ያደረግኩትን እንዳለ ልንገራችሁ።

ከሆስፒታል የመለሱኝ የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ጋሮማ ናቸው። ከደረጃው ሥር ትከሻዬን ያዙኝ። «ለእህትህ ደውልና ትንሽ አሞታል፣ ነይ በላት። ስትደርስ እኛ እናረዳታለን። አደራ፣ ድምፅህ እንዳይሰበር» አሉኝ። እሳቸው ዕድርተኛውን ሊጠሩ ሄዱ። እኔ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ቤቱን ከፈትኩ። ማንም አልነበረም። ደወልኩ።

«ምነው በጠዋቱ?» አለች።

«አያንቱ፣ የት ነሽ?»

«ተረኛ ነበርኩ፣ ልወጣ ነው። ምነው?»

አሞታል ልል አፌን ከፈትኩ። ሦስት ወር ያልኩት ነው፤ አንድ ጊዜ ብደግመው ምን ነበረበት? አልወጣ አለኝ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አልኳት።

በቀስታ «ጉንፋኑ ባሰበት?» አለችኝ።

«ጉንፋን አልነበረም» አልኳት። «ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ። ከባልደረቦችሽ አንዷን ጥሪያትና ልንገርሽ።»

ጠራቻት። ነገርኳት።

እንዴት እንደጮኸች አልነግራችሁም። ስትረጋጋ «ስልኩን እንዳትዘጋው» አለችኝ። ቻርጀሩን ሰካሁና ሶኬቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልብሷን ስትቀይር ሰማሁ። ባልደረቦቿ ሲያለቅሱ ሰማሁ። መኪና ውስጥ ስትገባ ሰማሁ። አላወራንም። ሰዎች ወንበር ይዘው መግባት ጀመሩ፣ እግሬን እየተሻገሩ ያልፋሉ። ጋሽ ጋሮማ መጥተው ከላዬ ቆሙ። «ምን አልካት?» አሉኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስልኩን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡትና «አትዝጋባት» አሉኝ።

አልዘጋሁባትም። ጅማን አልፋ ሰኮሩ እስክትደርስ አልዘጋሁባትም። ግቤ ሸለቆ ስትገባ መስመሩ ተቆረጠ። እዚያው ሶኬቱ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ወልቂጤ ስትደርስ ደወለች። ስልኩ አንዴ እንኳን ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳሁት።